አልጋ ላይ የዋለን ሕመምተኛ ቤት ውስጥ ማስታመም፦ ከሁሉ በፊት ማገላበጥ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ጎረቤቴ እዚሁ ባሕር ዳር ሽምብጥ ካለው ቤቷ ጠራችኝ። እናቷን ስትሮክ መቷቸው ሁለት ሳምንት ሆስፒታል ከርመው ነው የወጡት። በባጃጅ አምጥተው፣ ተሸክመው አስገብተው፣ ንጹሕ አንሶላ ላይ አስተኝተዋቸዋል። ቤቱ በጠያቂ ሞልቷል። ልጅቷ በር ላይ ተቀበለችኝና «እማዬ በጣም ደክሟታል፣ ማንም እንዳይነካት ብዬ ከጠዋት ጀምሮ አላንቀሳቀስኳትም» አለችኝ። ሰዓቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ነበር።

በፍቅር ያደረገችው ነው። እኛም ቤት እንደዚያው ሆኖ ነበር። አያቴን እምዬ እያልን ነው ያደግነው። ከዘጌ በጀልባ አምጥተናት ባሕር ዳር እኛ ቤት ስትተኛ እኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። «ትረፍበት» እያልን በጀርባዋ አስተኝተን ተውናት። አንድ ቀን ልብሷን ስንቀይር ከወገቧ በታች የእጅ መዳፍ የሚያህል ቁስል አገኘን። ከሕመሟ በላይ ያ ቁስል አሰቃያት። ኋላ ነርስ ሆኜ ዋርድ ስገባ ነው የገባኝ፤ በየሁለት ሰዓቱ ጎኗን ብንቀይርላት ኖሮ አብዛኛው አይደርስባትም ነበር። የሚነግረን ሰው ግን አልነበረም። ለዚህ ነው ዛሬ ረዘም አድርጌ የምጽፈው።

የሰው አካል ተንቀሳቅሶ እንዲኖር የተሠራ ነው። ሳንባ አክታውን የሚያወጣው፣ አንጀት ምግቡን የሚገፋው፣ የእግር ደም ወደ ልብ የሚመለሰው ሰውየው ሲነሳ፣ ሲቀመጥ፣ ሲገላበጥ ነው። ሰው አልጋ ላይ ሲውል እነዚህ ሁሉ አንድ በአንድ መድከም ይጀምራሉ፤ የመጀመሪያው በሽታ ስትሮክም ይሁን የዳሌ ስብራት ወይም የከረመ ስኳር፣ ብዙ ጊዜ ሕመምተኛውን የሚጥለው በኋላ ከመተኛት የሚመጣው ነው። መድኃኒቱን ሐኪም ያዝዛል። እንቅስቃሴው ግን የአስታማሚ ሥራ ነው፤ ሌላ ማንም አይሠራውም።

ቆዳ

ከዚህ የምጀምረው ቶሎ የሚጎዳው እሱ ስለሆነ ነው። ቆዳ የሚመገበው በጣም ቀጫጭን በሆኑ የደም ሥሮች ነው። በአጥንትና በፍራሽ መካከል ሲጨፈለቅ ደም አያልፍም። ጤነኛ ሰው እንቅልፍ ላይ ሆኖም ጎኑ ሲደነዝዘው ሳያውቀው ይዞራል። ስትሮክ የመታው ወይም አከርካሪው የተጎዳ ሰው ግን መደንዘዙ ላይሰማው ይችላል፤ ቢሰማውም መዞር አይችልም። ቆዳው መሞት ለመጀመር ጥቂት ሰዓት ይበቃዋል።

የሚቆስለው ቦታ የታወቀ ነው። አጥንት ለቆዳ የሚቀርብበት ሁሉ፦ ከወገብ በታች መቀመጫው መካከል፣ ሁለቱ ተረከዞች፣ የዳሌ ጎን፣ ቁርጭምጭሚት፣ ክርን፣ የትከሻ አጥንት፣ የጭንቅላት ኋላ፣ በጎን ሲተኛ ደግሞ ጆሮ። እነዚህን በቀን ሁለት ጊዜ በደንብ በበራ ብርሃን ተመልከቱ፤ መብራት ከሌለ በስልክ ባትሪ። ብዙ ጊዜ «ቀይ ቦታ ፈልጉ» ይባላል፤ የእኛ ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ላይታይ ይችላል። ከዙሪያው ጠቆር ያለ ወይም ወደ ወይን ጠጅ የሚሄድ፣ በእጅ ሲዳሰስ የሚሞቅ ወይም ጠጠር ያለ ቦታ ካገኛችሁ ተጠራጠሩ። በጣት ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት። መልኩ ምንም ካልተለወጠ ጉዳቱ ከሥር ጀምሯል ማለት ነው። እስኪድን ድረስ በዚያ ጎን አይተኛም።

ያን ቦታ አትሹት። «ደም እንዲዘዋወር» ብሎ በቅቤ ወይም በቫዝሊን ማሸት የተለመደ ነው፤ የደከመውን ቆዳ ይበልጥ ይቀደዋል። መካከሉ ክፍት የሆነውን ክብ ትራስም አትግዙ፤ ቀለበቱ ዙሪያውን ይጫንና መሃሉን ደም ይከለክለዋል። ለተረከዝ ከባቱ ሥር ትራስ አድርጉና ተረከዙ አየር ላይ ይንጠልጠል፤ ከዚህ የተሻለ ነገር አላየሁም።

ስለ አልጋው አንድ ነገር ልበል። የጠፍር አልጋ መካከሉ ስለሚሰረጉድ ክብደቱ ሁሉ መቀመጫው ላይ ያርፋል። ሌላ አልጋ ከሌለ ከፍራሹ በታች ጣውላ ደልድሉና ከላይ ወፍራም ስፖንጅ አንጥፉ። አንሶላው ተወጥሮ ይነጠፍ። ወፍራም ጋቢ ከሥር አታንጥፉ፣ እጥፋቱ ራሱ ያቆስላል። የእንጀራ ፍርፋሪም እንደዚያው።

አሁን ወደ ማገላበጡ። በየሁለት ሰዓቱ ነው፤ ሌሊትም ጭምር። ጠዋት 12 ሰዓት በግራ ጎን፣ 2 ሰዓት በጀርባ፣ 4 ሰዓት በቀኝ፣ 6 ሰዓት እንደገና በግራ። እንዲህ እያላችሁ ወረቀት ላይ ጻፉትና ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ያዞረ ሰው ምልክት ያድርግበት፤ አለበለዚያ እህት «ወንድሜ አዙሯታል» ትላለች፣ ወንድም «እህቴ አዙራታለች» ይላል፣ ሕመምተኛዋ እዚያው ናት።

አዟዟሩ እንዲህ ነው። ወደ ግራ ልታዞሯቸው ነው እንበል። መጀመሪያ ንገሯቸው፤ ባይመልሱም፣ የሰሙ ባይመስላችሁም ንገሯቸው፦ «እማማ፣ አሁን ወደ ግራ ልናዞርሽ ነው»። በአንሶላው ሳብ አድርጋችሁ ወደ ቀኙ ጠርዝ አስጠጓቸው፤ ሲዞሩ አልጋው መካከል ላይ እንዲያርፉ ነው። ከዚያ ወደ ግራ ጎናቸው ዞራችሁ ቁሙ። የግራ እጃቸውን ከአካላቸው ራቅ አድርጉ፣ የቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አሳርፉ፣ የቀኝ ጉልበታቸውን እጠፉ። አንዱ እጃችሁ ቀኝ ትከሻቸው ላይ፣ ሌላው ቀኝ ዳሌያቸው ላይ ይሁንና በቀስታ ወደ ራሳችሁ ሳቧቸው። ከጀርባቸው ትራስ ደግፉ። ሁለተኛ ትራስ በጉልበቶቻቸው መካከል ይግባ። ሙሉ በሙሉ በጎን አታጋድሟቸው፣ የዳሌው አጥንት ይጎዳል፤ ትራሱ ላይ ገደድ ብለው፣ ሠላሳ ዲግሪ ያህል፣ ይረፉ። እናንተ ደግሞ ስትስቡ ጉልበታችሁን አጠፍ፣ ወገባችሁን ቀጥ። ወገቡ የተቀጨ አስታማሚ ብዙ አይቻለሁ።

ወደ ራስጌ ከፍ ማድረግ ከፈለጋችሁ ከብብት ሥር ይዛችሁ አትጎትቱ። ከትከሻ እስከ ታፋ የሚደርስ ሌላ አንሶላ ለሁለት አጥፋችሁ ከሥር አንጥፉ፤ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ጫፉን ይዞ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብሎ ያንሳ። ቆዳ ሲጎተት ከላይ ሳይታወቅ ከውስጥ ይተረተራል።

ቁስል ከወጣ፣ ለግማሽ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምራችሁ አፍሉና ሲቀዘቅዝ በእሱ እጠቡት፣ በንጹሕ ጋዝ (የቁስል መሸፈኛ ስስ ጨርቅ) ሸፍኑት። የቡና ዱቄት፣ አመድ፣ ቅቤ፣ ቅጠል አይነካውም። የጠቆረ፣ የሚሸት፣ መግል የያዘ ወይም ጥልቀት ያለው ከሆነ ጤና ጣቢያ ይታይ፤ በቤት የሚዳን አይደለም።

ገላ ለማጠብ ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ ሳሙና፣ ከዚያ በደንብ ማድረቅ፤ በጡት ሥር፣ በብሽሽት፣ በእግር ጣቶች መካከል። ሐይቁ ዳር ለምትኖሩ ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ። የጣና ዳር ውሃ ቢልሃርዝያ ይኖርበታል፤ ትሉ በዓይን አይታይም፣ የሚገባውም በቆዳ በኩል ነው። ለሕመምተኛ መታጠቢያ ከሐይቁ የቀዳችሁትን አፍልታችሁ አቀዝቅዙ። ቁስል ላይማ ጥሬውን በፍጹም።

ሳንባና ጉሮሮ

እኔ ከቁስልም በላይ የምፈራው እዚህ ነው። በጀርባ የተኛ ሰው ትንፋሹ አጭር ይሆናል። የሳንባው የታችኛው ክፍል በደንብ አይከፈትም፣ አክታ እዚያ ይጠራቀማል፣ ከዚያ የሳንባ ምች ነው። መከላከያው ቀላል ነው። ነቃ ያለ ሕመምተኛ ከሆነ በየሰዓቱ አሥር ጊዜ በአፍንጫው ረጅም ትንፋሽ ስቦ በአፉ ያውጣ፣ መጨረሻ ላይ ጠንከር አድርጎ ይሳል። ሐኪም ካልከለከለ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ አስደግፋችሁ አስቀምጡት። መስኮት ክፈቱ። ቡናውን ሌላ ክፍል ቁሉት፤ ጭሱና ዕጣኑ ለተኛ ሰው ሳንባ አይበጅም። ይህን ስል አክስቶቼ ይቆጡኛል፤ ግን እውነት ነው።

ሁለተኛው መንገድ ትንታ ነው። ስትሮክ ብዙ ጊዜ የመዋጥ ችሎታን ይነካል። ጉሮሮ ውስጥ የምግቡና የአየሩ መንገድ ጎን ለጎን ናቸው፤ ስንውጥ የአየሩ በር ይዘጋል። ጡንቻው ሲደክም በሩ በጊዜ አይዘጋም፣ ሾርባው ወደ ሳንባ ይወርዳል። ሁሉም ሰው ደግሞ አያስልም፤ ዝም ብሎ የሚገባበት አለ።

ስለዚህ ተኝቶ የሚበላ ሕመምተኛ አይኑር። ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ አገጩን ወደ ደረቱ ትንሽ ዝቅ ያድርግ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ስጡ፣ መዋጡን እዩ፣ ከዚያ ቀጣዩን። አትቸኩሉ። የተቀመጠ ሰው ፊት ለፊት እኩል ተቀመጡ፤ ቆማችሁ ካጎረሳችሁ ቀና ይላል፣ ቀና ሲል ይታነቃል። ጉርሻችን የፍቅር ነው፤ ለዚህ ሰው ግን ትልቅ ጉርሻ አደጋ ነው። ከዋጠ በኋላ ድምፁ ውሃ የያዘ ጉሮሮ ከመሰለ፣ ካሳለ፣ ዓይኑ ካነባ አቁሙ። ከበላ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይተኛ ይቆይ። የደነዘዘው ጉንጭ ውስጥ ምግብ ይደበቃል፤ በጣት ጋዝ ጠቅልላችሁ አውጡ።

ለብዙዎች ከሁሉ የሚከብደው ቀጭን ፈሳሽ ነው። ውሃና ሻይ ያስላቸዋል፤ ወፈር ያለ አጥሚት፣ የለዘበ ገንፎ፣ የተፈጨ ሙዝ፣ ፓፓያ በደንብ ይወርዳል። ቁስል የሚሽረው በፕሮቲን ነው። እንቁላል፣ ሽሮ፣ ምስር፣ እርጎ ይመቻል። ዓሣ እዚህ በቅርብ አለን፤ ቆሮሶም ሆነ አምባዛ ቀቅላችሁ አጥንቱን በጣታችሁ ሁለት ጊዜ ፈትሻችሁ አውጡና አድቅቃችሁ ስጡ።

አሁን አጥብቄ የምለው። ራሱን የሳተ ወይም በደንብ ያልነቃ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይጨመርም። ውሃም፣ ወተትም፣ የተጨመቀ ዳማከሴም። ጠበልም ቢሆን። እኔም ጠበል እወዳለሁ፣ እጠጣለሁ። መዋጥ ለማይችል ሰው ግን ፊቱን እርጩት፣ ግንባሩን ዳብሱት፣ ከንፈሩን በረጠበ ጥጥ ንኩት። አፉ ውስጥ ካንቆረቆራችሁለት የሚገባው ሳንባው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በጎኑ ይተኛ፣ አፉ ወደ ታች ይዘንበል።

የአፍ ንጽሕናም ከሳንባ ጋር የተያያዘ ነው። በአፍ ውስጥ ያለው ጀርም ከምራቅ ጋር ወደ ሳንባ ይወርዳል። ጥርስ ባይኖርም ድዱንና ምላሱን በቀን ሁለት ጊዜ በለስላሳ ብሩሽ ወይም በጋዝ አጽዱ።

ውሃ፣ ሽንት፣ ሆድ

መጋቢትና ሚያዝያ ባሕር ዳር እንዴት እንደሚሞቅ ታውቁታላችሁ። የተኛ ሰው ደግሞ ጠጣሁ አልጠጣሁ አይልም፤ አዛውንቶች የጥማት ስሜታቸውም ይቀንሳል። ሐኪም በልብ ወይም በኩላሊት ምክንያት ፈሳሽ ካልቀነሰ በቀር በቀን ከአንድ ሊትር ተኩል እስከ ሁለት ሊትር ይሞከር፤ አጥሚቱም፣ ሾርባውም ይቆጠራል። ልኩን የሚነግራችሁ ሽንቱ ነው። ፈዘዝ ያለ ቢጫ ከሆነ ጥሩ፤ ጠላ ከመሰለ ውሃ አንሶታል።

ካቴተር (የሽንት ማውጫ ቱቦ) የተደረገለት ከሆነ ከረጢቱ ሁልጊዜ ከፊኛው በታች ይሁን፣ ግን መሬት አይንካ። ስታገላብጡት ከረጢቱን አንስታችሁ ሆዱ ላይ አታስቀምጡ፤ ሽንቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ጀርሙም አብሮ። ከመንካታችሁ በፊትና በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ከረጢቱ ሊሞላ ሲል ድፉ። አራት ሰዓት ሙሉ ምንም ካልወረደ ቱቦው ታጥፎ እንደሆነ እዩ፤ ካልታጠፈና ከእምብርቱ በታች ካበጠ ወይም ካመመው ሂዱ።

ሆድ ይደርቃል፤ ይህ አይቀርም። ፓፓያ፣ ማንጎ፣ ጎመን፣ በቂ ውሃ። ተልባ ተቆልቶ ተወቅጦ በደንብ በውሃ ተበጥብጦ ይጠጣ፤ ውሃው ካነሰ ግን ያባብሰዋል። ከቁርስ በኋላ ሁልጊዜ በዚያው ሰዓት ፖፖ ላይ አስቀምጡ፣ አንጀት ልማድ ያውቃል። ሦስት ቀን ካለፈ ለጤና ባለሙያ ንገሩ። አንድ የሚያታልል ነገር አለ፦ ለቀናት ደርቆ የቆየ ሰው ድንገት ቀጭን ፈሳሽ ያሳልፋል፤ ቤተሰብ «ተቅማጥ ነው» ብሎ ማቆሚያ ይሰጣል። ከደረቀው ጎን እየሾለከ የሚወጣ ሊሆን ስለሚችል ሳይታይ መድኃኒት አትስጡ። እውነተኛ ተቅማጥ ከሆነ ደግሞ አንዱን የኦ.አር.ኤስ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡ፣ 24 ሰዓት ካለፈው ድፉት።

ዳይፐር ሲረጥብ ወዲያው ይቀየር። እርጥብ ቆዳ ከደረቅ ቆዳ በጣም ቶሎ ይቆስላል።

እግር

ከእግር ወደ ልብ ሽቅብ የሚመለሰውን ደም የሚገፋው የባት ጡንቻ ነው። ባቱ ካልሠራ ደሙ ይተኛል፣ ሊረጋም ይችላል። የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባ ውስጥ ከተወተፈ በደቂቃዎች ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ቁርጭምጭሚቱን በየሰዓቱ ወደ ላይ ወደ ታች አሥር ጊዜ አንቀሳቅሱ፤ ራሱ ከቻለ ራሱ ያድርገው።

አንዱ እግር ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ባቱ ላይ ካመመ፣ ወጌሻ አትጥሩ። ለውልቃት ብዙ ሰው ወደ ወጌሻ እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ የረጋ ደም ያለበትን እግር ማሸት ግን ደሙን ነቅሎ ወደ ሳንባ መላክ ነው። እግሩን ሳትነኩት ወደ ሆስፒታል። ድንገት ትንፋሽ ካጠረው፣ ደረቱን ከወጋው፣ ጊዜ የለም።

መገጣጠሚያም እንዲሁ ነው፤ ካልታጠፈ ይደርቃል። ጠዋትና ማታ ከጣት እስከ ትከሻ፣ ከእግር ጣት እስከ ዳሌ፣ እያንዳንዱን አምስት ስድስት ጊዜ በቀስታ አጥፉና ዘርጉ፤ ሲያምም እዚያው አቁሙ። ስትሮክ በመታው ወገን ያለውን ክንድ ይዛችሁ በፍጹም አትሳቡ። ጡንቻው ስለላላ ትከሻው ከቦታው ይወርዳል፣ ሕመሙም ለወራት ይቆያል። ክንዱ ሁልጊዜ ትራስ ላይ ይረፍ።

የማስታወሻው ደብተር

የአምሳ ሉክ ደብተር ግዙ። በቀን ሁለት ጊዜ ጻፉበት። ሙቀት፦ ብብት ሥር 37.5 ካለፈ ትኩሳት ነው፤ 38 ከደረሰ ምክንያቱ ዛሬውኑ ይፈለግ። የልብ ምት፦ የእጅ አንጓ ላይ በአውራ ጣት በኩል፣ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ፤ ከ60 እስከ 100 ደህና ነው። ትንፋሽ፦ ደረቱ ሲነሳ ቁጠሩ፣ ሳይነቃባችሁ፤ ከ12 እስከ 20። ከ25 ካለፈ አትጠብቁ። ግፊት መለኪያ ካላችሁ እሱንም። የበላው፣ የጠጣው፣ የሸናው፣ የወሰደው መድኃኒት ከነሰዓቱ።

ትኩሳት ሲመጣ እዚህ አገር መጀመሪያ የምናስበው ወባ ነው፤ በተለይ ክረምት ሲወጣ ከመስከረም እስከ ኅዳር። ምርመራው ይደረግ፤ የተኛ ሰው ትንኝ ማባረር ስለማይችል አጎበሩም ቀንና ማታ ይጋረድ። ግን የተኛ ሰው ትኩሳት ከሳንባም፣ ከሽንትም፣ ከቁስልም ይመጣል። ከፋርማሲ የወባ መድኃኒት ገዝቶ ዝም ማለት እነዚህን ሦስቱን መደበቅ ነው።

ስኳር ያለበት ሕመምተኛ ካላችሁ ይህን አስታውሱ። የኢንሱሊን መርፌውን ወስዶ ሳይበላ ቀርቶ ካላበው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ነገር ካምታታው ስኳሩ ወርዷል። መዋጥ ከቻለ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ስጡ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ድገሙ፣ ሲነቃ ምግብ ይብላ። ካልነቃ በጎኑ አስተኝታችሁ ሩጡ።

የግፊት መድኃኒት «ተሽሏታል» ተብሎ አይቆምም። የተሻላት መድኃኒቱ ስለሠራ ነው። ሁለተኛ ስትሮክ ከሚመጣባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ማቋረጥ ነው። ጠበል የምትጠጣም ከሆነ መድኃኒቷን አብራ ትውሰድ።

ጠያቂና አስታማሚ

«እግዜር ይማርሽ» ብሎ መጠየቅ ትልቅ ባህላችን ነው፤ ሕመምተኛው ሰው ሲያይ ፊቱ ይበራል። ግን ሃያ ሰው በአንድ ጊዜ አልጋ ዙሪያ ሲሰበሰብ አየር የለም፣ ማገላበጥም የለም፤ ሕመምተኛዋ ሰው ፊት ልብሷ ሲገለጥ ታፍራለች። ሁለት ሁለት እየሆኑ ይግቡ። ጉንፋን የያዘው ሰው ደጅ ሆኖ ይጠይቅ። ከጠያቂው ደግሞ ሥራ ጠይቁ፣ አትፈሩ። «ጁስ ከምታመጪ ማክሰኞ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ተቀመጪልኝ» በሉ። እህትማማቾች፣ ጎረቤት፣ የዕድር ሰዎች ተራ ከተያያዙ ሌሊቱም ይገፋል። አንድ ሰው ብቻውን በየሁለት ሰዓቱ እየተነሳ ሳምንት አይቆይም፤ የሚያስታምመውም ሰው ይታመማል። አብዛኛውን ጊዜ ያ ሰው የቤቱ ሴት ልጅ ናት። እሷም ትተኛ፣ ትብላ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ደርሳ ትምጣ። የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም ጥሩ፤ ቤት ለቤት መሄድ ሥራቸው ነው።

መቼ እንሩጥ?

ፊት ድንገት ሲጣመም፣ አንድ ወገን እጅ ወይም እግር ሲዝል፣ ንግግር ሲኮላተፍ ስትሮክ ነው። «ምች ነው»፣ «መጋኛ መታት» እየተባለ ስንት ሰዓት ይባክናል። በግራ አንጎል ላይ የሚደርስ ጉዳት በቀኝ አካል ላይ ነው የሚታየው፤ በአብዛኛው ሰው ንግግርም በግራ በኩል ስላለ ቀኙ የዛለበት ሰው መናገርም ሊያቅተው ይችላል። የሚናገር ባይሆንም ግን ሊሰማችሁ ይችላል፣ አጠገቡ ቆማችሁ ስለ መሞቱ አታውሩ። የጀመረበትን ሰዓት ያዙ፣ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።

ከዚህ ሌላ፦ ትንፋሽ ሲያጥር፣ ከንፈር ሲጠቁር፣ ሲጠሩት አለመንቃት፣ ሲያንቀጠቅጠው፣ ደም ሲያስመልሰው ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ ሲጠቁር፣ ቀኑን ሙሉ ሽንት ሲጠፋ። አምቡላንስ ከፈለጋችሁ የቀይ መስቀል ቁጥር 907 ነው። ካልተገኘ ባጃጅም ቢሆን፤ ግን ራሱን የሳተን ሰው ቀና አድርጋችሁ አታስቀምጡት፣ የኋላው ወንበር ላይ በጎኑ አጋድሙት፣ አንድ ሰው አገጩን ይያዝ። ቅርባችሁ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ከሆነ መንገዱን በደህናው ቀን አስቡት፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ማን መኪና እንዳለው ማሰብ አይመችም።

በር አጠገብ አንድ ከረጢት ተዘጋጅቶ ይንጠልጠል። የጤና መድን ደብተር፣ የድሮው የሆስፒታል ወረቀትና የራጅ ፊልም፣ የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ከነማሸጊያቸው፣ አንሶላ፣ ነጠላ፣ ሳሙና፣ ዳይፐር፣ የውሃ ኮዳ፣ የስልክ ቻርጀር። ማስታወሻው ደብተር ሁልጊዜ አልጋው አጠገብ ስለሆነ ይረሳል፤ ስትወጡ አንዱ ሰው እሱን ብቻ የመያዝ ኃላፊነት ይኑረው። ሆስፒታል ስትገቡም ማገላበጡ አይቆምም። የነርሷን ስም ጠይቁ፣ «መጨረሻ ያዞርናት 4 ሰዓት ላይ ነው፣ ቀጣዩ 6 ሰዓት ነው» በሏት።